ለፈረንሳይኛ ክፍል የተከፈተ ሻንጣ

ኔታንያ፣ ራማት የዲዲም
ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለመምህርት ትሁኔ፣

የአባቶቻችን አምላክ አንቺን ከነእናትሽ ይጠብቅልኝ፤ ቤታችሁን በረከት ይሙላው፤ ጉልበታችሁ አይድከም። እኔ ደህና ነኝ፤ ግን ተቀይሜሻለሁ። ደብዳቤሽን ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሞልተሽ ነው የጻፍሽው። ለአውራ ጣቴ ምን ቦታ ተውሽለት? በግራ ስይዘው የመስመሩ መነሻ ይሸፈናል፤ በቀኝ ስይዘው መድረሻው ይሸፈናል። መጨረሻ ላይ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ እንደ ዳኛ ቆሜ አነበብኩት። የዩኒቨርሲቲ መምህር ኅዳግ መተው አታውቅም ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ።

ከኅዳጉ ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን የምሬን ደነገጥኩ። አርባ ተማሪ ፈረንሳይኛ ሊማር ተመዝግቦ አሥራ አንድ ቀረ? እስከ የካቲት አጋማሽ ሃያ ካልሞሉ ክፍሉ ተዘግቶ አንቺ ወደ መዝገብ ቤት ትዛወሪያለሽ? ያንን ሁሉ ዓመት የለፋሽበትን ቋንቋ ለመዝገብ ቤት አቧራ ልታወሪለት ነው?

«አጎቴ፣ ዕብራይስጥን በራስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ተማሪዎቼን የሚያነቃቃ ነገር ይጻፉልኝ» ብለሻል። እኔን ያነቃቃኝ ተንኮል ነው፤ እሱ ከሆናቸው ይኸው።

እዚህ እስራኤል እንደመጣን ኡልፓን የሚባል የዕብራይስጥ ማስተማሪያ ቤት አስገቡን። ኦፍሪ የምትባል ደግ መምህርት ነበረችን። አምስት ወር ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አጥርቼ የያዝኩት አንድ ቃል ነው፤ «ገባኝ» የሚለውን። ሳይገባኝ «ገባኝ» እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። ልጄ ያኤል ስድስት ዓመት ሲሞላት ደግሞ እኔ መልፋቴን ተውኩት። ባንክ ያኤል፣ ክሊኒክ ያኤል፣ የቤት ጉዳይ ያኤል። ቁመቷ ከባንኩ መስኮት ሳይደርስ እኔን ወክላ ትከራከር ነበር።

ኋላ ግን በማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ ጠራጊ ሆኜ ተቀጠርኩ። አውቶቡሶቹ የሚሄዱበትን ከተማ ግንባራቸው ላይ ጽፈው ይመጣሉ። ሰው «ይሄ ወደ ሐይፋ ነው?» ብሎ ሲጠይቅና ሾፌሩ ራሱን ሲነቀንቅ፣ እኔ መጥረጊያዬን ተደግፌ ግንባሩን አያለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ፊደሉን ለቀምኩ። ተሳፋሪ ወንበር ላይ የተወውን ጋዜጣ ሰብስቤ ቤት እወስድ ነበር፤ አለቃዬ ወረቀት የምሸጥ መስሎት ነበር።

አንድ ቀን ከረባት ያሰረ ሰውዬ ጣቱን እያጮኸ ጠራኝ። «አንተ፣ የቴል አቪቩ የትኛው ነው?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ፣ በጠራ ዕብራይስጥ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ወደሚሄደው የዓፉላ አውቶቡስ መራሁት። አመስግኖኝ ገባ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ለተማሪዎችሽ ይህን አንብቢላቸው፤ ሌላ ምክንያት ካጡ ለተንኮል ይማሩ።

እናትሽን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

አጎትሽ አቻምየለህ

———

ጎንደር
ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ አቻምየለህ፣

እንደምን ሰነበቱ? እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እማዬ «ወንድሜን ጉንጩን ሳሚልኝ» ብላለች። አሁን የሚያዩት ኅዳግ ለአውራ ጣትዎ የተተወ ነው፤ ካልበቃ ይጻፉልኝ።

ደብዳቤዎን ለክፍሉ አነበብኩት። የከረባቱ ሰውዬ ጋ ስደርስ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወሬው ተሰምቶ በሚቀጥለው ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ሰው መጣ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ይታየው የሚባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አለ፤ እንደ ክፍሉ ሁሉ ቱሪዝም ያጠናል፤ ጎበዝ ነው፣ አፉ ግን ያስፈራል። እጁን አወጣ።

«መምህር፣ አጎትሽ ደስ ይላሉ። ግን ያኔ ስልክ አልነበረም።»

«ስልክ ምን አገባው?» አልኩት።

ስልኩን አወጣና አፌ ላይ ደቀነው። «በይ አንድ ነገር በይ።»

ተናድጄ «ይህ ክፍል ሊዘጋ ነው፤ እናንተ ግን ትቀልዳላችሁ» አልኩ። ስልኩ በፈረንሳይኛ አለው። ክፍሉ አጨበጨበ። እኔ ደንግጬ ቆምኩ፤ ትርጉሙ ትክክል ነበራ።

ይታየው አልበቃውም። «እሳቸውስ ቢሆኑ? ለዓመታት በልጃቸው ነው ያስተረጎሙት። ቤት አገኙ፣ ሥራ አገኙ፣ ልጅ አሳደጉ። ምን ጎደለባቸው?» አለ።

ከፊት የምትቀመጥ ሐረጓ የምትባል ተማሪ አዳነችኝ ልበል ወይስ ገደል ከተተችኝ፣ አላውቅም። «ያኔ የተረጎሙላቸው ወረቀት ካለ ዛሬ ራሳቸው ያንብቡትና ልዩነቱን ይንገሩን። ልዩነት ካለ እንማራለን፤ ከሌለ ይታየው አሸንፏል፣ ሁላችንም እንወጣለን» አለች። ሁሉም ተስማሙ። እኔም ከአፌ «እሺ» ሲወጣ ሰማሁት።

አጎቴ፣ ሳላማክርዎ በስምዎ ቃል ገባሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት ይኖርዎት ይሆን?

የእህትዎ ልጅ ትሁኔ

———

ኔታንያ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጀግናዋ መምህርት፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ተማሪዎችሽንም አምላክ ልብ ይስጣቸው፤ ለዚያ ለይታየው ደግሞ ስልኩ ባትሪ እንዳያልቅበት ጸልዩለት።

ወረቀት አለኝ ወይ ትይኛለሽ? እኔ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ጥዬ አላውቅም። ከአልጋዬ ሥር አንድ ሻንጣ ሙሉ አለ። ትናንት ጎትቼ አወጣሁትና መነጽሬን አደረግሁ። የመብራት፣ የውሃ፣ የክትባት፤ ሁሉም ያኤል እንዳለችኝ ነው። ይታየው ሊያሸንፈኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ከዚያ አንድ የትምህርት ቤት ደብዳቤ እጄ ገባ።

ያኤል የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ይዛው የመጣች ነው። ያኔ «ምን ይላል?» ብላት፣ «የጥርስ ምርመራ አድርገውልን ነበር፤ ጥርሴ ጠንካራ ነው ይላል» አለችኝ። እኔም ለጎረቤት ሁሉ ኮራሁበት፤ ከገበያ ለውዝ ገዝቼ ሰጠኋት። ትናንት ራሴ ሳነበው ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። «ልጅዎ በዕረፍት ሰዓት ሊዶር የተባለውን ተማሪ እጁን ስለነከሰችው ነገ ትምህርት ቤት ይምጡ» ይላል።

ያኤል ዛሬ የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ናት፤ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ወዲያው ደወልኩላት።

«ያኤል፣ ጥርስሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው አባ። ምነው?»

«የሊዶር እጅስ?»

ሳቋን ለቀቀችው። «አባ፣ ዳይ፣ በቃ። ያንን ወረቀት እስካሁን አስቀምጠኸዋል?»

«ሁሉንም አስቀምጫለሁ» አልኳት።

«ሁሉንም?» አለች። ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው ብላ ዘጋች።

ይህን ለይታየው አንብቢለት። ገና አንድ ትልቅ ፖስታ ይቀረኛል፤ የባለቤቴ የባንች የሆስፒታል ወረቀት ነው። ባንች ካረፈች ሃያ አራት ዓመት አለፈ። ታምማ የሄድን ዕለት የሰጡን ነው፤ እሷ ካለፈች በኋላ ልከፍተው አልወደድኩም። ዶክተሩ የተናገረውን ያኤል ያኔ ነግራኛለች፤ ስለዚህ ብዙ ልዩነት አይኖረውም። ነገር ግን የዶክተር ቃል ጠንካራ ነው፤ መዝገበ ቃላት ይዤ እቀመጥለታለሁ። እሱን በራሴ ካነበብኩ ፈረንሳይኛሽ ዳነ።

አጎትሽ አቻምየለህ

———

ጎንደር
ኅዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። እማዬ የጥርሱን ነገር ሰምታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሰባት ሰው አለ። ይታየው ራሱ ስቋል፤ ሲያበቃ ግን «ይሄ የልጅ ተንኮል ነው። ሊዶር ተነከሰ፣ ዳነ፤ አለቀ። ሌላውን ወረቀት እንጠብቃለን» አለ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መጥቶ ወንበሩን ሁሉ በዓይኑ ቆጠረና «እስከ የካቲት አጋማሽ ከቆዩ እናያለን» ብሎኝ ሄደ።

በየሳምንቱ «መጣ?» ይሉኛል። የትዳር ጓደኛዎን ነገር በእንደዚህ ያለ ጨዋታ ውስጥ መክተት ከከበደዎ ግን ሌላ ወረቀት ይምረጡ፤ እኔ እረዳለሁ።

ትሁኔ

———

ጎንደር
ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ጤናዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ሁለት ወር ሊሞላ ነው፤ አንድ መስመር አልመጣልኝም። ስደውል አያነሱም። በመጨረሻ ያኤልን አገኘኋት። አማርኛዋ ከዕብራይስጥ ቢቀላቀልም ተግባባን።

«ደህና ነው» አለችኝ። «ገበያ ይሄዳል፣ ምኩራብ ይሄዳል። እኔ ስደውል ግን 'ደህና ነኝ' ይልና ይዘጋል። ቀልዱን ትቷል። ምን ሆኖ ነው? አንቺ ታውቂያለሽ?»

ምናልባት ብዬ ስለ ሻንጣውና ስለ ፖስታው ነገርኳት።

«የእናቴን?» አለች።

«አዎ» አልኳት።

ስልኩ አልተዘጋም። ግን ከዚያ በኋላ ድምፅዋን አልሰማሁም። «ያኤል? ያኤል?» ብዬ ብዬ እኔው ዘጋሁት። ምን አድርጌ ይሆን?

ተማሪዎቹ አሥራ ሰባት ደርሰዋል። ግድ የለም። መዝገብ ቤትም ሰው ይሠራል። ለክፍሉ ብለው ምንም አይጻፉ፤ ለእኔ ግን ደህና መሆንዎን ብቻ ይጻፉልኝ።

ትሁኔ

———

ኔታንያ
ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.
ማክሰኞ ጠዋት

ልጄ ትሁኔ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለእናትሽ። ዛሬ ምርቃቱን አሳጠርኩት፤ አትቀየሚኝ። አልታመምኩም። እጄ እምቢ ብሎኝ ነው።

ፖስታውን የከፈትኩት የመጨረሻውን ደብዳቤ በላክሁልሽ በአራተኛው ቀን ነው። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ለማንበብ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ፤ የልብ ክፍሎች ስም ነው ሙሉው። የሁለተኛው ገጽ የታችኞቹ መስመሮች ግን መዝገበ ቃላት አላስፈለጋቸውም። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ያነባቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ላነባቸው እችል ነበር። እንዲህ ይላሉ፦

«የልብ በር በጣም ጠብቧል። አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። ያለ ቀዶ ሕክምናው ሕይወቷ አደጋ ላይ መሆኑ ለባልየው በልጃቸው (11 ዓመት) አማካይነት ተብራርቶለታል። ባልየው ቀዶ ሕክምናውን አልቀበልም ብሎ ፈርሟል።»

ከሥሩ ፊርማ አለ። ያኔ በአማርኛ ነበር የምፈርመው። «አቻምየለህ» ይላል፤ ጥርት ባለ የእጅ ጽሕፈት፣ ተጠንቅቄ የጻፍኩት።

ተነሥቼ ቆምኩ። ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም። ተቀመጥኩ፤ እንደገና አነበብኩት፤ ሌላ ሰው አቻምየለህ ይሆናል ብዬ የመታወቂያ ቁጥሩን ከመታወቂያዬ ጋር አስተያየሁ። የኔ ነው። እሳት ላይ ጥጄው የነበረው ወጥ አርሮ ቤቱ ጭስ ሞልቶ፣ ጎረቤቴ ያኢር ከታች በመስኮት እስኪጣራ ድረስ አልሸተተኝም።

ያንን ቀን አስታውሰዋለሁ። ባንችና እኔ ወንበር ላይ፤ ያኤል የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች በመካከላችን ቆማ። ዶክተሩ ረጅም ተናገረ፤ በእጁ ልብ ሠርቶ፣ ጨብጦ፣ ዘርግቶ አሳየን። ያኤል አንድ ጊዜ እናቷን አየች። ከዚያ «እናቴ ደክሟታል ይላል። ትረፍ፣ ውሃ ትጠጣ ይላል። እዚህ ጋ ፈርምና ቤት እንሂድ» አለች፤ ለዶክተሩም በዕብራይስጥ አጭር ነገር መለሰችለት።

እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? «ይሄ ሁሉ ንግግር ለዚህ ነው? ይህ ዶክተር ወሬ ይወዳል» አልኩ። ባንች ሳቀች። ዶክተሩ ስንስቅ ሲያይ ግራ ገባው፤ እስክሪብቶውን ሰጠኝና አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ገባኝ» አልኩት፤ በዕብራይስጥ።

ባንች በአራተኛው ወር፣ ልብስ ስታሰጣ፣ በረንዳው ላይ ወድቃ ቀረች። ድንገተኛ ነው ተባለ። እኔም ለሃያ አራት ዓመት ድንገተኛ ነው እያልኩ ኖርኩ።

በልጅቱ ከመፍረድሽ በፊት ግን ይህን ስሚ። ከዚያ ስድስት ወር በፊት እናቴ፣ ያንቺ አያት፣ እዚያ ጎንደር አርፋ ነበር። ለኔ የተነገረኝ ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ማልደው መጥተው አረዱኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ያኤልም ታውቅ ነበር፤ ስልኩን ያነሣችው እሷ ናት። ባንች «ክፉ ወሬ በልጅ አፍ አይነገርም፤ ሽማግሌ ሲሰበሰብ ነው» ብላ አስጠነቀቀቻት። አሥራ አንድ ሳምንት አብራኝ በላች፣ አብራኝ ሳቀች፣ ትንፍሽ አላለችም። ሐዘኑ ሲያበቃ እኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጠራኋትና ግንባሯን ስሜ «ይህን ያህል ጊዜ አፏን የያዘች፤ ልጅ ማለት ይቺ ናት» ብዬ መረቅኋት። ሽማግሌዎቹም አሜን አሉ።

ያችን ልጅ ነው ይዤ ዶክተር ዘንድ የሄድኩት።

ያስተማርኳትን አደረገች፤ ሌላ ምንም አላደረገችም። ሽማግሌዎቹ መጥተው እስኪናገሩ ጠበቀች። ሽማግሌዎቹ ግን የሚያውቁት ነገር አልነበረም። በዚህ ዓለም የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

የባንች ሰባት ቀን ሐዘን እንዳበቃ «አባ፣ ከእንግዲህ አልተረጉምልህም» አለችኝ። ባንክም፣ ክሊኒክም፣ የትም። ተቆጣሁ፤ ለመንኩ፤ ከረሜላ ገዛሁ። እምቢ አለች። ልጅቱ ፈረንጅ ሆነችብኝ ብዬ ለሰው አማኋት። አውቶቡስ ግንባር ላይ ፊደል መቁጠር የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በጥቅምት የጻፍኩልሽ ተንኮል ሁሉ እውነት ነው፤ መነሻው ግን ይሄ ነበር፣ እኔም ራሴ አላውቀውም ነበር።

ይታየው ልክ ነው በይው። ስልክ ቢኖረኝ ኖሮ ስልኩ አይራራልኝም፤ ቁርጡን ይነግረኝ ነበር። በዚህ አሸንፎኛል። ግን አንድ ነገር ይመልስልኝ፤ ግማሽ ሰዓት የተነገረው ነገር በሦስት ዓረፍተ ነገር ሲደርሰኝ «ሌላስ ምን አለ?» ብዬ ለምን አልጠየቅሁም? ቋንቋ የሌለው ሰው የሰጡትን ተቀብሎ ቶሎ ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። መጠየቅ ያሳፍረዋል። ስልኩ የተባለውን ይነግረዋል፤ ያልጠየቀውን አይጠይቅለትም። ሁለት ቃል ዕብራይስጥ ቢኖረኝ ዶክተሩን ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ትሞታለች ወይ?» እለው ነበር። ሁለት ቃል ነው። ለሁለት ቃል ኡልፓን ውስጥ አምስት ወር ነበረኝ።

ደግሞም ተማሪዎችሽ አስጎብኚ ሊሆኑ ነው። አንድ ቀን በሁለት ሰዎች መካከል የሚቆሙት እነሱ ናቸው። ያኤል ወዳ አልቆመችም፤ እነሱ ወደው ነው የሚቆሙት። እንግዲያው ችለው ይቁሙ።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ያኤል ስትደውል «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ እዘጋለሁ። ክፉ ነገር አውቄ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። እንደዚያው እንደ አሥራ አንድ ሳምንቱ። ይህን ደብዳቤም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ጎንደር ለሚበር ሰው ልሰጠው ነበር፤ እሷን ሳልጠይቅ፣ ታሪኳን በተማሪ ሁሉ ፊት ልታነቢው። ይህን መስመር እየጻፍኩ ነው ነውርነቱ የታየኝ…

በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው አይቼ ተመለስኩ። ያኤል ናት። በዚህ ሰዓት መዋዕለ ሕፃናት መሆን ነበረባት፤ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ቁልፍ አላት፤ ሃያ ዓመት አንኳኩታ አታውቅም። ዛሬ አንኳኩታ ቆማ ትጠብቃለች።

ያኤል አማርኛ ትናገራለች እንጂ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ይህን ወረቀት ከመጀመሪያው መስመር አንሥቼ በዕብራይስጥ እተረጉምላታለሁ፤ አንዲት ቃል ሳላስቀር። ከዚያ ትሁኔ ታንብበው ወይስ አታንብበው ብዬ እጠይቃታለሁ።

እጅሽ ከገባ፣ እሺ ብላለች ማለት ነው። ልክፈትላት።